የሚያነብ ወንድ ከአሥር ስንት ያገኛል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አንዷ ጓደኛዬ "አንብቢና ሳቂ" ብላ ላከችልኝ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ "አየሽ፣ ስልሽ የከረምኩት ይኼንኑ ነው" ብሎ ላከልኝ። አንዷ የሳቀችበትን ሌላው ማስረጃ ሲያደርገው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው። ብልህ ሰው በአልጋ ጉዳይ ደፋር ነው፣ አዲስ ነገር መሞከር አይፈራም፣ ይኼንንም አንድ የለንደን ምሁር አረጋግጧል። ታላላቅ ሰዎችም ሁሉ እንዲህ ነበሩ። ጸሐፊው ራሱ አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶችን አነጋግሮ ለቀድሞ ፍቅረኞቻቸው ከአሥር ነጥብ አሰጥቷል፤ "የሚያነቡት" ወንዶች በልጠው ወጥተዋል። በከተማው ዳር የምንኖረውን ደግሞ፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬንና የካ አባዶን በስም እየጠራ፣ በዚህ ነገር "የታሰርን" ስለሆንን ጭንቅላታችንም የታሰረ ነው ይለናል። መጨረሻ ላይ ተቺ እንዳይመጣበት በሩን ይዘጋል፦ አስተያየት የግል ስሜት ነው፣ የግል ስሜት አይሳሳትም፣ ጸሐፊ ደግሞ የሰማውን እንዳለ ማቅረብ ብቻ ነው ያለበት።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የእንጀራዬ ግማሽ የሚገኘው ደግሞ ስለ ምግብ ቤትና ስለ መጽሐፍ አስተያየት በመጻፍ ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ነክቶኛል። የከነከነኝ ስለ ወሲብ መጻፉ አይደለም፤ ይጻፍ እንጂ። በአማርኛ ስለዚህ ነገር ሳይሳደብና ሳይሽኮረመም የሚጽፍ ሰው ስንት አለ? የከነከነኝ የሰው ወሬ ሰብስቦ፣ ቁጥር አልብሶ፣ ሳይንስ ነው ብሎ ማቅረቡ ነው።

በየተራ ልሂድበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"የለንደኑ ምሁር አረጋግጧል"

ጸሐፊው የምሁሩን ስም አልጠራም። ከሰጠው ፍንጭ ግን ሳቶሺ ካናዛዋ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሰው ነው። በ2010 ያሳተመው ጥናት ብዙ ተወርቶለታል። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው፦ የሰው አእምሮ የተቀረጸው ጥንት ቅድመ አያቶቻችን በአፍሪካ ሜዳ ላይ እያደኑና እየለቀሙ በኖሩበት ዘመን ነው፤ ብልህ ሰዎች ደግሞ ያኔ ያልነበረ አዲስ እሴትን ለመቀበል ከሌላው ይቀላቸዋል።

ጸሐፊው "አዲስ" የምትለዋን ቃል እንዳገኘ ንባቡን አቁሞ ወደ አልጋው የሮጠ ይመስለኛል። ትንሽ ታግሦ ቢቀጥል ኖሮ እዚያው ጥናት ውስጥ የሚያፈርሰውን ነገር ያገኝ ነበር። ካናዛዋ የጥንቱ ወንድ በአንዲት ሴት ብቻ መወሰንን አያውቅም ነበር ብሎ ያምናል። ስለዚህ በእሱ ስሌት "አዲሱ" እሴት ለአንዲት ሴት መታመን ነው። ያገኘሁት ውጤት ብሎ የጻፈውም ይኼንኑ ነው፤ በፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ወንዶች ለአንድ ፍቅረኛ መታመንን የበለጠ ዋጋ ይሰጡታል። በሴቶች ላይ ልዩነት አላገኘም። ጸሐፊያችን ምስክር ብሎ የጠራው ሰው ፍርድ ቤት ገብቶ ለተቃራኒው ወገን መሰከረ ማለት ነው።

ካናዛዋ ከተጠቀመባቸው መረጃዎች አንዱ አድ ሄልዝ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከ1994 ጀምሮ 20 ሺህ ገደማ ታዳጊዎችን ይዞ እያደጉ ሲሄዱ የሚከታተል ነው። ከዚሁ መረጃ ካሮሊን ሃልፐርንና ባልደረቦቿ በ2000 ሌላ ጥናት አውጥተው ነበር። ርዕሱን እንደነገሩ ብመልሰው "ጎበዝ ታዳጊዎች ወሲብ አይፈጽሙም፣ ብዙም አይሳሳሙም" ይላል። ያገኙት ነገር ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በፈተናው ከፍ ያሉትም ዝቅ ያሉትም ታዳጊዎች ከመሃለኞቹ ይልቅ ዘግይተው ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ "ብልህነት ሲጨምር ድፍረት ይጨምራል" የሚለው ቀረርቶ ለታዳጊ አሜሪካውያን እንኳን አይሠራም።

ለጸሐፊው የሚያግዝ ምንም የለም ማለቴ አይደለም። የሥነ ልቦና ሰዎች ከአምስቱ ዋና ዋና ባሕርያት አንዱ የሚሉት ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ከብልህነት ፈተና ጋር ግንኙነት አለው። ግንኙነቱ ግን መለስተኛ ነው፤ የሚጠነክረውም በቃላት ዕውቀትና በጠቅላላ ዕውቀት በኩል ነው። በ1948 እና በ1953 ስለ አሜሪካውያን የወሲብ ሕይወት ሁለቱን ታዋቂ መጽሐፎች ያወጣው ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲም፣ ብዙ የተማሩት አሜሪካውያን በአልጋ ላይ የተለያየ ነገር እንሞክራለን ብለው የነገሩት ካልተማሩት በልጠው ነው። በ1948ቱ መጽሐፍ ውስጥ ግን የተማሩት ወንዶች ከጋብቻ በፊት ግንኙነት የነበራቸው ካልተማሩት ባነሰ መጠን ነው። ታዲያ የትኛው ነው ደፋሩ? ቶሎ የጀመረው ነው፣ ዘግይቶ ጀምሮ የሞከረው? ደግሞስ ኮሌጅ መግባት ብልህነት ነው፣ ወይስ የአባት ገንዘብ?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ጸሐፊው "አረጋግጧል" እያለ በአክብሮት የሚጠቅሰው ሰው ስለ እኛ ምን እንደጻፈ ያውቃል? በ2006 ባወጣው ጥናት ካናዛዋ የአገሮችን ጤና የሚወስነው የኑሮ ልዩነት ሳይሆን የሕዝቡ ብልህነት ነው ብሎ ተከራክሯል። በዚያ መረጃ ከዓለም መጨረሻ ተርታ ከተቀመጡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ አማካይ አይኪው (የብልህነት ፈተና ነጥብ) 63። እንግዲህ በእሱ ስሌት ዕድሜያችን የሚያጥረው ውሃና ክሊኒክ አጥተን ሳይሆን ጭንቅላት አጥተን ነው።

63 ከየት መጣ? ካናዛዋ የወሰደው ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን የአገሮችን አይኪው እያነጻጸሩ በ2002 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። እነሱ ደግሞ የወሰዱት ወደ እስራኤል ተሰደው ከሄዱ 250 ገደማ የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች የፈተና ውጤት ነው። ልጆቹ አገር ቀይረው፣ ቋንቋ ቀይረው፣ ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸው የቅርጽ እንቆቅልሽ ተዘርግቶ የጎደለውን ሙሉ ተባሉ። ለዚያ ቁጥር ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ወይም ጅማ ውስጥ የተፈተነ ሰው የለም። የጥቂት ስደተኛ ልጆች ውጤት የአንድ ሙሉ አገር ጭንቅላት ሆኖ በሰንጠረዥ ገባ።

ሰውየው ስለ እኛ ክፉ ስለተናገረ ሌላው ሥራው ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ያ ክርክር አይደለም፣ ኩርፊያ ነው። እኔ የምለው አሠራሩን እዩት ነው። ማን ተለካ፣ ማን ለካው፣ በምን ሁኔታ ብሎ ሳይጠይቅ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይሮጣል። ጸሐፊያችንም ከሰውየው የወረሰው ይኼንኑ ሩጫ ነው።

ይኼው ሩጫ በ2011 ካናዛዋን ራሱን ጣለው። የጥቁር ሴቶች ውበት ከሌሎች ሴቶች ያነሰ መሆኑ "በተጨባጭ" ተለክቷል ብሎ ጻፈ። ቁጣው ከየአቅጣጫው መጣ፣ ጽሑፉ ከታተመበት ቦታ ተነሣ፣ በራሱ ሙያ ያሉ 68 ተመራማሪዎች አሠራሩ እኛን አይወክልም ብለው ፈረሙ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለአንድ ዓመት በባለሙያ ባልተገመገመ ቦታ እንዳይጽፍ ከለከለው። "ተጨባጭ" ያለው መለኪያ ምን እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የአድ ሄልዝ ጠያቂዎች ቃለ መጠይቁን ሲጨርሱ፣ ያነጋገሩትን ልጅ መልክ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡ ነበር። በቃ ይኼው ነው። የጠያቂው ዓይን ነው፤ የጠያቂው ልማድ፣ የጠያቂው ሰፈር፣ የጠያቂው የዚያን ቀን ስሜት ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን መልሰው ሲከፍቱት፣ ለአንዲት ልጅ በተለያየ ዙር የተሰጡት ነጥቦች እርስ በርስ በደንብ እንደማይገጥሙ አሳዩ። የግል አስተያየት ስሙ ተፍቆለት፣ ተደምሮ፣ ተካፍሎ ሲያበቃ የተፈጥሮ ሕግ መሰለ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ነጥብ መሻገር ብዙ መንገድ አይጠይቅም።

"የሚያነቡት ወንዶች አማካይ ነጥብ በለጠ"

ጸሐፊው ስንት ሴት እንዳነጋገረ አልነገረንም። የት እንዳገኛቸው፣ ስንቱ እምቢ እንዳሉት፣ ጥያቄውን በምን ቃል እንዳቀረበም የለም። ያለው አማካይ ብቻ ነው፤ ያውም ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ተጨምሮበት።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1920 አንድ አጭር ጥናት አውጥቶ ነበር። መኮንኖች ወታደሮቻቸውን በብልህነት፣ በቁመና፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር። ነጥቦቹ ሲታዩ ከሚገባው በላይ ተያይዘው ተገኙ። መኮንኑ የወደደው ወታደር ቁመናውም ያማረ፣ አእምሮውም የሰላ፣ ጠባዩም የታረመ ሆነ። የጠላው ደግሞ በሁሉም ወደቀ። ሰው ሰውን ሲመዝን ቆራርጦ አይመዝንም፣ ጠቅልሎ ነው።

አሁን አንዲት ሴት ካፌ ተቀምጣ ስለ ቀድሞ ፍቅረኛዋ ስትጠየቅ አስቡት። "ያነብ ነበር ወይ?" የሚለውንም "ደፋር ነበር ወይ?" የሚለውንም የምትመልሰው እሷው ናት፣ በዚያው ደቂቃ፣ ስለዚያው ሰው። ናፍቃው ከሆነ ሁለቱም ከፍ ይላሉ። በሌላ ሴት ቀይሯት ሄዶ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉም ለታይታ ነበር፣ አልጋውም የውሸት ነበር። ሁለቱ ነጥቦች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸው ስለ ወንዶቹ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ስለ ሴቶቹ ትዝታ ነው። እሱም ትልቅ ርዕስ ነበር፣ ጸሐፊው ቢያውቅበት።

ከዚያ ደግሞ ማን ነው ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚቀመጠው የሚለው አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው አብርሃም ማስሎው ከጄምስ ሳኮዳ ጋር ሆኖ በ1952 ይኼንኑ በኪንሲ ላይ አንሥቶበታል። በፈቃዳቸው ለወሲብ ጥናት የሚቀርቡት በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ከልማድ ወጣ ያሉ ሰዎች ስለሚበዙ የኪንሲ ቁጥር ወደ ድፍረት ያጋድላል አለ። የአሜሪካው እንዲህ ከሆነ የአዲስ አበባውን ገምቱ። እኔ ለማላውቀው ወንድ ስለ ቀድሞ ፍቅረኛዬ አልጋ ነጥብ ልስጥ? እናቴ ትስማኝ? ያልመለስነው እኛ ከአማካዩ ውስጥ የለንም፤ ጸሐፊው ግን "የአዲስ አበባ ሴቶች" ብሎ ጠቅልሎናል።

የመለሱትስ እውነቱን ተናግረዋል? በ2003 ሚሼል አሌክሳንደርና ቴሪ ፊሸር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስንት የወሲብ ጓደኛ ነበራችሁ ብለው ጠየቁ። አንዳንዶቹን የማይሠራ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላይ አሰሯቸው፤ ተማሪዎቹ ግን ይሠራል ብለው ነው የሚያምኑት። መልሱን ሌላ ሰው ሊያይብን ይችላል ብለው የፈሩት ሴቶች ትንሽ ቁጥር ተናገሩ። መሣሪያው ያጋልጠናል ብለው የፈሩት ሴቶች ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ተናገሩና ከወንዶቹ ጋር ያላቸው ልዩነት የለም በሚባል ደረጃ ጠበበ። ጠያቂውን የምንፈራውን ያህል ነው መልሳችን።

እኛ አገርም ምልክቱ አለ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ወንዶች የሚናገሩት የጓደኛ ብዛት ሁልጊዜ ከሴቶቹ ይበልጣል። ታዲያ ወንዶቹ ከማን ጋር ነበሩ? የተወሰኑት ቤት ለቤት በሚደረግ ጥናት ከማይገኙ ሴቶች ጋር ይሆናል። የቀረውን ጉራና እፍረት ተካፍለውታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ ሴቷ ደግሞ የምትቆርሰው ሰው እያያት ስለሆነ ታሳንሳለች።

"ታላላቅ ሰዎችን ተመልከቱ"

ይኼ ብዙ አያስቆምም። ጸሐፊው አይንስታይንን ጠቅሷል፤ እውነት ነው፣ ሰውየው ከትዳሩ ውጪ ሌሎች ሴቶች ነበሩት። እኔ ኒውተንን እጠቅሳለሁ፣ ሚስት አላገባም። ካንትንም እጨምራለሁ፣ እሱም አላገባም። በርትራንድ ራስል አራት ጊዜ አገባ ብሎ ጸሐፊው ሊመልስልኝ ይችላል። እንዲህ እየተቀባበልን እስከ ነገ ማደር እንችላለን።

"በዳር ከተማ ያለው ሰው የታሰረ ነው"

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቱሉ ዲምቱ መጥቶ እንደማያውቅ ገባኝ። መጥቶ ቢሆን ኖሮ የታሰረው ጭንቅላት ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን ያይ ነበር።

እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ለዚያውም ውስጡ ክፍት የሆነው። ጎረቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ የመክተፊያዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቢላዋው ሲደንዝ ሁሉ አውቃለሁ። ከዚህ በታች ወዳሉት ግቢዎች ስትወርዱ ደግሞ ሰርቪስ ቤት የተከራዩ ወጣቶች አሉ። አከራይዋ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የውጭውን በር ትቆልፋለች፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው፣ ውሃ የሚቀዳው ከእሷ መስኮት ሥር ነው። ተከራዩ ልጅ ማን አብሮት እንደመጣ ለማወቅ መጋረጃዋን ገለጥ ማድረግ ይበቃታል። ይኼን ልጅ ቦሌ ሊፍት ባለው አፓርታማ፣ የራሱ ቁልፍ ይዞ ከሚኖር እኩያው ጋር አወዳድሮ "ያኛው ደፋር ስለሆነ ብልህ ነው" ማለት ምን ማለት ነው? የለካው የቤት ኪራይ ነው እንጂ።

ደግሞ ድካም የሚባል ነገር አለ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ሰልፍ የያዘች ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ሸጣ፣ ማታ መገናኛ ሌላ ሰልፍ ቆማ ትመጣለች። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ በአራት ሰው ወንበር አምስተኛ ሆና ነው የምትደርሰው። እሷ ባልዋን "ዛሬ ተወኝ፣ እንተኛ" ብትለው የአእምሮ ድክመት ነው? ጸሐፊው ይኼን ቢሰማ ነጥቧን ስንት ያደርገው ይሆን?

የመጀመሪያውን እርምጃ ራሱን ደግሞ እንየው። በ2016 የአገራችን ዳሰሳ መሠረት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ግማሾቹ ግንኙነት የጀመሩት 16.6 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ወንዶቹ ጋ ይኼው አኃዝ 21.2 ነው። ሴቶቹን እዚያ ቀድሞ ያደረሳቸው አዲስ ነገር የመሞከር ጉጉት አይደለም፤ የጋብቻቸውም መካከለኛ ዕድሜ እዚያው አካባቢ ነው፣ ተድረው ነው። ትምህርቷን የገፋችው ሴት ግን በብዙ ዓመት ዘግይታ ትጀምራለች። በጸሐፊው ሚዛን ያቺ የዘገየችው ልጅ ፈሪ ናት። በእኔ ሚዛን የሚቀርባትን ነገር አስልታ ያወቀች ልጅ ናት፤ ፈተና አለባት፣ ማደሪያ አለባት፣ ብታረግዝ ከሰውየው ይልቅ እሷ ናት ከክፍል የምትወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልለው አላልፍም። ጽሑፉን "አየሽ፣ ስልሽ የከረምኩት" ብሎ የላከልኝ ሰው ለምን እንደላከልኝ አውቃለሁ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ብዙ ሴት ስልክ ውስጥ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው፦ "ብልህ ከሆንሽ ለምን እምቢ ትያለሽ?" ሰው የፈለገውን ከፈለገው ሰው ጋር በስምምነት ይሞክር፣ ምን አገባኝ። እምቢ ማለትን ግን የጭንቅላት ጉድለት አድርጎ መጻፍ ለሚነዘንዝ ወንድ ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማቀበል ነው። ጸሐፊው ይኼን አላሰበ ይሆናል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ ግን አስቦበታል።

"አስተያየት የግል ስሜት ነው፣ አይሳሳትም"

ይኼኛው የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ ረፋድ ላይ ከአጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለት ደንበኞች ስለዚያው ቡና ሲናገሩ ሰማሁ። አንዱ ግንበኛ ነው፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ "ዛሬ ቀጠነ" አለ። ሌላዋ ባንክ የምትሠራ ናት፣ ባጅዋ አንገቷ ላይ ነው፤ "ኧረ ወፍሯል፣ ልቤን መታኝ" አለች። ባለ ቡናዋ ሁለቱንም ሰምታ ሳቀች። ለግንበኛው የቀዳችው ከሰከነው ጀበና ላይ ላዩን ነበር። ለባንኳ ሠራተኛ የደረሳት ደግሞ ጭላጩ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱንም ሰብስቤ "የቡናው ውፍረት አማካይ 5 ከ10" ብዬ ብጽፍ ግን የዋሸሁት እኔ ነኝ። እንዲያ ያለ ቡና ማንም አልጠጣም።

ከዚያ ግንበኛው ጨመረ፦ "ገብስ ሳትቀላቅልበት አትቀርም።" ባለ ቡናዋ ሳቋን አቆመች። ለምን ብትሉ፣ ይኼኛው ሌላ ዓይነት ንግግር ነው። "ቀጠነብኝ" ማለት ስሜት ነው፣ ማንም አይከራከረውም። "ገብስ አለበት" ግን ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት። የተቆላውን ቡና አውጥቶ ማየት ይቻላል፤ እሷም አውጥታ አሳየችው። ሰው አስተያየት ሲሰጥ እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ ነው የሚናገረው። ጸሐፊ የሚያስፈልገው ለመለየት ነው። "እንዳለ አቀረብኩ" ማለት ሥራውን አልሠራሁም ማለት ነው።

ወደ ጸሐፊያችን ሴቶች እንመለስ። "ከእሱ ጋር ደስተኛ ነበርኩ" ስሜት ነው፤ እሺ፣ የእሷ ነው። "አዲስ ነገር ይሞክር ነበር" ክስተት ነው፤ ለእሷ አዲስ የነበረው ለሌላዋ የሰርክ ሊሆን ስለሚችል ከምን ጋር አወዳድራ እንደሆነ መጠየቅ አለባት። "ስለሚያነብ ነው" ደግሞ የምክንያት ክርክር ነው፣ ለሱ ስሜት በቂ አይደለም። ጸሐፊው ሦስቱንም "የግል ስሜት" በሚል አንድ ከረጢት ከተተና ከረጢቱ አይነካም አለ። አይነካም ካለ ደግሞ ምሁሩን ለምን ጠራ? የግል ስሜት ከሆነ ማረጋገጫ አያስፈልገውም፣ ማረጋገጫ ካስፈለገው ደግሞ መጠየቅ አለበት። ሲያጠቁት ስሜት፣ ሲያጠቃ ሳይንስ መሆን አይቻልም።

የግል አስተያየት ዋጋ የለውም ብላችሁ እንዳትረዱኝ፤ በሱ ነው የምኖረው። ግን ዋጋ የሚኖረው ባለቤቱ አብሮት ሲኖር ነው። ስለ አንድ ምግብ ቤት ስጽፍ በጾም ሄጄ እንደሆነ እናገራለሁ፤ ሽሮ በልቼ ስለ ክትፎው አልፈርድም። ምሳ የጋበዘኝ ባለቤቱ ከሆነ ያንንም እጽፋለሁ። ያነጋገርኩት ሰው ከቤቱ ጋር ቂም ካለው ያንን አንባቢ ማወቅ አለበት። ቃሉን በራሱ በተናጋሪው አፍ አስቀምጠዋለሁ፣ ወደ ቁጥር አልመነዝረውም፣ ምክንያቱም "ልቤን መታኝ" የሚለው ከየትኛውም ነጥብ በላይ ስለ ቡናውም ስለ ሴትየዋም ይነግራችኋል። ጸሐፊው ከሴቶቹ አንዷን እንኳን በራሷ ቃል ቢያናግርልን ኖሮ፣ ያንን ሁሉ አማካይ እምርለት ነበር።

ተመዛኙስ? ምግብ ቤቱ ቢያንስ ቦርድ ሰቅሎ ና ቅመሰኝ ብሏል። እነዚያ ወንዶች ግን ቦርድ አልሰቀሉም። አንዳቸውም አልተጠየቁም፣ ነጥብ እንደተሰጣቸውም አያውቁም። ጸሐፊው ስም አልጠቀስኩም ብሎ ራሱን ነጻ ያወጣል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ሰው ግን በሙያው (መምህር ነው)፣ በሰፈሩ፣ በሚነዳው ሞተር ብስክሌት ቀለም ጭምር ገልጾታል። ወንድሜ፣ ዳር ከተማ ላይ ያ ሞተር አንድ ነው። ተማሪዎቹ ያውቁታል፣ ባለ ሱቁ ያውቀዋል፣ ሚስት ካገባም ሚስቱ ታውቀዋለች። ለሴቲቱም አልተጨነቅክላትም፤ ሰውየው ማን እንደሰጠችው ለመገመት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን የምትቀበለው እሷ ናት።

ስለዚህ ክርክሩን ባትቀበለኝም ግድ የለም። የካናዛዋን ጥናት እስከ መጨረሻው አንብበውና እንደገና ጻፍ፣ ስንት ሴት እምቢ እንዳለችህም ጨምር፣ መልስ እሰጥሃለሁ። ያቺን ስለ መምህሩና ስለ ሞተሩ የምታወራውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አንሣት።